የውሻ ቋንጣ፦ መጀመሪያ ይቀቀል፣ ከዚያ ይሸጥ

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ካሉት ሥጋ ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ቆሞ የዋጋ ሰሌዳውን ያነበበ ሰው፣ ከበሬው አካል ውስጥ ዋጋ ያልተጻፈለት አንድ ነገር እንዳለ ይገነዘባል። ጥሬ ሥጋው ዋጋ አለው፤ ጥብሱ ዋጋ አለው፤ ለዱለት የሚሆነው ጨጓራና ጉበት ፈላጊ ሞልቶታል፤ ምላስ ሰንበር እንኳ ወዳጅ አላጣም። ሳንባ ግን በቃል ነው የሚሸጠው። "ለውሻ ነው" ያለ ሁሉ በፌስታል አስጠቅልሎ ይሄዳል። ዋጋውም እንደ ሥጋ ቆራጩ ፊትና እንደ ደንበኛው ትውውቅ ከፍና ዝቅ ይላል፤ አንዳንዴም ምርቃት ሆኖ በነፃ ይታደላል።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ዋጋው ያልታወቀ ዕቃ ሲያይ ሁለት ነገር ይጠረጥራል። ወይ ዕቃው ጥቅም የለውም፤ ወይ ገበያው ገና አልተወለደም። የዚህ ጸሐፊ ጥርጣሬ ሁለተኛው ነው። ከለቡ እስከ ጀሞ፣ ከላፍቶ እስከ ሀይሌ ጋርመንት ባሉት ግቢዎች በር ላይ "ኃይለኛ ውሻ አለ" የሚል ማስታወቂያ እንደ ቤት ቁጥር የተለመደ ሆኗል። ያ ኃይለኛ ውሻ ደግሞ ይበላል። ድሮ የሚበላው የእንጀራ ፍርፋሪና የወጥ ትርፍራፊ ነበር። ዛሬ ዝርያ መርጦ፣ ገንዘብ አውጥቶ ቡችላ የገዛ ባለቤት ግን ለማሠልጠኛ፣ ለማባበያና ለጥርስ ማጽጃ የሚሆን የሚታኘክ ነገር ይፈልጋል። ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ የሚያገኘው በአመዛኙ ከውጭ የመጣ ነው። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሻገር የከረጢቱም ዋጋ አብሮ ተሻግሯል። በመሆኑም የቤት ውስጥ ዝግጅት የፋሽን ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሒሳብ ጉዳይ ሆኗል።

ለዚህ ሥራ ከሀይሌ ጋርመንት የተሻለ ቦታ በአዲስ አበባ ማግኘት ያስቸግራል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከቀድሞው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ የሄደው የጅምላ ንግድ በ2013 ዓ.ም. ወደዚህ ተዛውሯል። ካሮቱ፣ ዱባው፣ ስኳር ድንቹ በጆንያና በሣጥን የሚራገፈው እዚሁ ነው። የተሰበረ ካሮትና የተቆረሰ ዱባ ለሆቴል አይሸጥም፤ ለውሻ ብስኩት ግን ከሙሉው አያንስም። የስንዴ ዱቄቱም፣ እንቁላሉም፣ ሥጋ ቤቱም በእግር መንገድ ርቀት ላይ ናቸው።

አሠራሩ ለማንም የቤት እመቤት አዲስ አይደለም። ሳንባው ይታጠባል፣ ይቀቀላል፣ በስሱ ይቆረጣል፣ ከዚያ በኦቭን ወይም በማድረቂያ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ቋንጣ ማለት ነው፤ በርበሬውና ጨው የሌለበት። ብስኩት የሚፈልግ ደግሞ የተቀቀለውን ሳንባ ፈጭቶ ከተቀቀለ ካሮትና ዱባ፣ ከዱቄትና ከእንቁላል ጋር ያቦካዋል፤ ቆራርጦ ይጋግረዋል፤ ከተጋገረ በኋላም ውኃው እስኪወጣ በዝቅተኛ ሙቀት ያቆየዋል። የማይገባበትን ማወቅ ከሚገባበት ይበልጣል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ። ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ፣ ስኳር አልባ በሚባሉ ማስቲካዎች ውስጥ ያለው ዛይሊቶል ውሻን ይመርዛሉ። እንግዲህ ግማሹ ሽንኩርት የሆነውን የወጥ ትርፍራፊ ለውሻው እየደፋ "ያገራችን ውሻ ሁሉን ይችላል" የሚል ባለቤት፣ የውሻው ዕድሜ ለምን እንዳጠረ አይገባውም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ጥሬ የበሬ ሳንባ ከ100 ግራም ውስጥ 79 ግራሙ ውኃ ነው። 16 ግራም ያህሉ ፕሮቲን፣ ከሁለት ግራም ተኩል ያልበለጠው ስብ ነው። ስቡ ማነሱ ለነጋዴ መልካም ዜና ነው፤ ቅባት የበዛበት ነገር ቶሎ ይሸትታልና። የውኃው ብዛት ግን ለጀማሪ ወጥመድ ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ ሳንባ ለማግኘት ወደ አራት ኪሎ ተኩል ጥሬ ሳንባ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል ጥሬው በኪሎ 60 ብር ይገዛል ብንል፣ የአንድ ኪሎ ደረቁ ጥሬ ዕቃ ብቻ 270 ብር ይሆናል። በ100 ግራም ከረጢት ሲከፋፈል እያንዳንዱ ከረጢት ገና እሳት ሳይነካው 27 ብር ወጥቶበታል ማለት ነው። ማገዶው፣ ከረጢቱ፣ ጉልበቱና የተበላሸው ሲደመር ወጪው እጥፍ ቢሆን አይደንቅም። "ሳንባ እኮ በነፃ ነው" ብሎ የሚነሳ ሰው በሁለተኛው ወር የሚዘጋውም ለዚህ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር መደረጉ ሲታሰብ ደግሞ ሰዓታት የሚወስድ ማድረቅ በኦቭን ብቻ እንደማያዛልቅ ግልጽ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የአዲስ አበባ ደረቅ ፀሐይ በወንፊትና በመስተዋት ለተሸፈነ ማድረቂያ ነፃ ኃይል ነው፤ ለሐምሌና ነሐሴ ግን ሌላ ዘዴ ያሻል።

የፍላጎቱም ጣሪያ መታወቅ አለበት። የእንስሳት ሐኪሞች የሚሰጡት ምክር ማባበያ ከውሻው የቀን ምግብ ካሎሪ ከአሥር አንድ እጅ እንዳይበልጥ ነው። ሃያ ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን 1,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ቢያስፈልገው፣ ከደረቅ ሳንባ ሊሰጠው የሚገባው ከ25 ግራም አይበልጥም። ስለዚህ የ100 ግራም ከረጢት ለአራት ቀን፣ በወርም ሰባት ስምንት ከረጢት ነው። አንድ ውሻ ከዚህ በላይ ደንበኛ አይሆንም። አንድ ግቢ ውስጥ ኦቭን የያዘች ሴት ሠላሳና አርባ ቋሚ ውሾች ካገኘች ሥራ አላት፤ ሦስት ውሾች ካሏት ግን ያላት የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ይህን ሳያሰሉ "የቤት እንስሳት ምግብ ፋብሪካ" ለማቋቋም ብድር የሚጠይቁ ወጣቶችን ባንኩ ቢመልሳቸው አይፈረድበትም።

የእኛ አገር የሳንባ ገበያ ሌላም ጠባይ አለው። ጾም አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት አብዛኞቹ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ አቅርቦቱ በእስላም ሥጋ ቤቶች ላይ ይወድቃል፤ ውሻ ግን አይጾምም። በፋሲካ ማግሥት ደግሞ በየሰፈሩ የቅርጫ በሬ ይወድቅና ሳንባው መቀበሪያ ያጣል። በአንድ ሳምንት ጥጋብ፣ ለሁለት ወር ድርቅ ማለት ነው። ማድረቅ ይህን ክፍተት የሚደፍን ሥራ ነው። እህል በመኸር ገዝቶ በክረምት የሚሸጥ ነጋዴ የሚያውቀው ጥበብ ነው፤ ልዩነቱ ዕቃው ሳንባ፣ መጋዘኑም አየር የማያስገባ ከረጢት መሆኑ ብቻ ነው። ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው የቅበላ ሰሞን ገዝቶ ያደረቀ ሰው በጾሙ አጋማሽ ተወዳዳሪ አይኖረውም።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የትርፍና የኪሳራ ነው። አንባቢን ሊያሳስብ የሚገባው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

የኮሶ ትልን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከጥሬ ሥጋ እንደሚመጣ፣ መድኃኒት ጠጥተው እንደሚያወጡት ሁሉም ያውቃል። ውሻም የራሱ የኮሶ ዘመድ አለው። ኢካይኖኮከስ ይባላል። ርዝመቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ በውሻው አንጀት ውስጥ በብዛት ቢኖር እንኳ ውሻው ብዙውን ጊዜ የታመመ አይመስልም። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣና በሣር፣ በአፈር፣ በጓሮ አትክልት ላይ ይቀራል። ከብትና በግ ሣሩን ሲግጡ ይውጡታል። በሳንባቸውና በጉበታቸው ውስጥም ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ያድጋል። ያ ሳንባ ጥሬውን ለውሻ ሲጣል ዑደቱ ተዘጋ፤ እንደገናም ተጀመረ። ሰው ደግሞ በእጁ፣ ባልታጠበ ሰላጣ ወይም ካሮት እንቁላሉን ከዋጠ ቋጠሮው በራሱ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ይበቅላል። ዓመታት ይፈጃል እንጂ ይታወቃል፤ ሲታወቅም ብዙ ጊዜ መፍትሔው ቢላዋ ነው። በአገራችን ቄራዎች በተካሄዱ ጥናቶች ሳንባና ጉበት እንዲወገዱ ከሚያደርጉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ቋጠሮ ነው።

በቄራ ሐኪም አለ፤ የታመመው ሳንባ ይለያል፣ ይወገዳል። በቅርጫ ግን ሐኪም የለም። ቢላዋ የያዘው ጎረቤት ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ቢያይ "ይህስ ለሰው አይሆንም" ብሎ በአጥር ላይ ለውሻ ይወረውረዋል። ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ያልሆነ ነገር ማድረግ አይቻልም። ለሰው የማይሆነው ሳንባ በተለይ ለውሻ የማይሆነው ነው።

ኢኮኖሚስቶች ውጫዊ ወጪ የሚሉት ነገር አለ። ገዢና ሻጭ ተስማምተው የሚገበያዩበት፣ ዕዳውን ግን ሦስተኛው ሰው የሚከፍልበት ንግድ ማለት ነው። የጥሬ ሳንባ ንግድ ለዚህ የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ ይሆናል። ሥጋ ቆራጩ ከዕቃው ተገላገለ፤ ባለ ውሻው በርካሽ አበላ፤ ሒሳቡ ግን ከውሻው ጋር የተጫወተው የጎረቤት ልጅ፣ ወይም ከብቱ የታመመበት ገበሬ ዘንድ ይደርሳል። መንግሥት በየግቢው ጠባቂ አቁሞ ውሻ ምን እንደበላ ሊቆጣጠር አይችልም። መከልከልም ዋጋ የለውም፤ የተከለከለ ሳንባ በማታ ይሸጣል።

የውሻ ቋንጣ ንግድ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የሳንባውን ዋጋ ከፍ አድርጎ ከጥሬው መንገድ ያወጣዋል፤ ለመቀቀልም የሚከፈለው ሰው ይፈጥራል። ሳንባን ለግማሽ ሰዓት መቀቀል በቋጠሮው ውስጥ ያለውን የትል እጭ ይገድላል። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአሥር ደቂቃ፣ ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለሁለት ቀን ማቀዝቀዝ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ "እዚህ አገር ውኃ በደንብ አይፈላም" የሚለው ሥጋት እዚህ አይሠራም። ዋናው ነገር ሙቀቱ ወደ ቁራጩ መሃል እንዲደርስ አሳንሶ መቁረጥና ሰዓት መያዝ ነው።

በሌላ በኩል ማድረቅ ብቻውን ምንም አይፈይድም። ቋንጣችንን ማንም ሳይቀቅል ሰቅሎ ስለሚያደርቅ ለውሻም እንዲሁ ይሆናል የሚል አስተሳሰብ አለ። አሜሪካውያን በ2019 እ.ኤ.አ. ይህን በውድ ተምረዋል። ለውሻ ማኘኪያ ተብሎ ከሚሸጥ የደረቀ የአሳማ ጆሮ ጋር በተያያዘ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ በ34 ግዛቶች 154 ሰዎች ታመሙ። የታመሙት ሰዎች እንጂ ውሾች ብቻ እንዳልሆኑ ልብ ይሏል። ማባበያውን በእጅ የሚይዘው ባለቤቱ ነውና።

ጥሬ ዕቃ ላይም ጥንቃቄ ያሻል። በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ አምራች የውሻ ምግቡን ከገበያ የሰበሰበው በአፍላቶክሲን ሳቢያ ነው፤ ይህ በሻገተ በቆሎና ኦቾሎኒ ላይ የሚገኝ መርዝ ነው። በእኛም አገር የአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ላይ በተካሄደና በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ይኸው መርዝ ከመኖ፣ በተለይም ከኑግ ፋጉሎ ወደ ወተቱ ማለፉ ታይቷል። እንግዲህ በብስኩቱ ውስጥ የኦቾሎኒ ቅቤ ልጨምር የሚል ሰው ኦቾሎኒውን ራሱ ለቅሞ ይግዛ፤ "ለውሻ ነው" ተብሎ የሚሸጠውን ጥቁር ኦቾሎኒ አይንካው።

ከኩሽና ተነስቶ ትልቅ የሆነ ሰው የለም እንዳይባል፣ የዚህ ንግድ ታሪክ ራሱ የትርፍራፊ ታሪክ ነው። ጄምስ ስፕራት የሚባል አሜሪካዊ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለንደን ውስጥ የውሻ ኬክ አወጣ፤ ከስንዴ፣ ከአትክልት፣ ከቀይ ሥርና ከሥጋ ተረፈ ምርት የተሠራ ነበር። ሐሳቡ የመጣለት በወደብ ላይ ውሾች የመርከበኞችን ደረቅ ብስኩት ሲቀራመቱ አይቶ ነው ይባላል። ስፕራት ቤት ተቀጥሮ ይሸጥ የነበረው ቻርልስ ክራፍት በ1891 እ.ኤ.አ. በስሙ የሚጠራውን የውሻ ትርዒት ጀመረ፤ ከማስታወቂያ የተሻለ ማስታወቂያ ሆነ። በቅርቡ ዘመን ደግሞ በ1989 እ.ኤ.አ. ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች በቤታቸው ለውሻ ብስኩት መጋገር ጀምረው፣ ስማቸው አገር ያወቀው የውሻ ዳቦ ቤት ከፍተዋል።

"ሰው በሚራብበት አገር ለውሻ ብስኩት?" የሚለው ተቃውሞ ይመጣል፤ መምጣቱም ተገቢ ነው። መልሱ እንደ ጥሬ ዕቃው ይለያያል። ሳንባውን ሰው ስለማይሻማበት ከማንም አፍ አይነጠቅም። የተሰበረውና ያልበሰበሰው ካሮት ግን በገበያው መውጫ ላይ በመደብ የሚሸጥ፣ አቅም የሌለው ሰው የሚገዛው ነው። ዱቄቱና እንቁላሉም እንዲሁ። ስለዚህ ይህ ጸሐፊ ከብስኩቱ ይልቅ ለቋንጣው ያደላል። ደረቅ ሳንባ ሰባ ከመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ዱቄት ጨምሮ ማብዛት የሻጩን ሚዛን ያነሳል እንጂ ውሻውን አይጠቅምም። ከዱቄቱ የሚገኘው ትርፍ ለጊዜው ጣፋጭ መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም ዱቄት የሚሸጥ ነጋዴ ሞልቷል፣ ሳንባ ቀቅሎ የሚሸጥ ግን የለም።

ሕጉስ? የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ወጥቶ ዓመታት አልፈዋል፤ ሥራውም ዛሬ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ሥር ነው። መኖ ሲባል ግን በባለሥልጣኑም በነጋዴውም አእምሮ የሚመጣው ፉርሽካ፣ ፋጉሎና የዶሮ ቀለብ ነው። በወር ሠላሳ ኪሎ ከምታደርቅ ሴት የፋብሪካ መስፈርት መጠየቅ ወደ ድብቅ ገበያ መግፋት ነው፤ ምንም አለመጠየቅ ደግሞ የሳልሞኔላ ፈቃድ ነው። ለአነስተኛ አምራች የሚበቃው ሦስት ነገር ይመስለኛል። ሳንባው ከታረደበት ቄራ የተሰጠ ደረሰኝ፣ የመቀቀያ ሰዓትና ሙቀት የሚመዘገብበት ደብተር፣ ከረጢቱ ላይ የተሠራበት ቀን። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም በወር አንድ ጊዜ መጥቶ ደብተሩን ቢያይ፣ በዚያው መንገድ ለሰፈሩ ውሾች ፕራዚኳንቴል ቢሸጥ፣ አንድ ጉዞ ሁለት ሥራ ይሠራል።

በኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የሚቀቀል ሳንባ ይሸታል። አራተኛ ፎቅ ላይ ሃያ ኪሎ ሳንባ የቀቀለ ሰው ከባለሥልጣኑ በፊት የሕንፃው ኮሚቴ ያገኘዋል። ሥራው ግቢ ያለው ሰው ሥራ ነው፤ ወይም ከሥጋ ቤቱ ጀርባ አንድ ጠባብ ክፍል መከራየት ነው። ይህ ሁለተኛው ብልህነት ይመስለኛል፤ ሳንባው በፌስታል ከመውጣቱ በፊት እዚያው ይገባልና።

ደላሎችም ቦታ አላቸው። ዛሬ አንድ ሥጋ ቤት በቀን ስንት ሳንባ እንደሚያወጣ የሚያውቀው ሥጋ ቆራጩ ብቻ ነው። አምስት ስድስት ሥጋ ቤቶችን በአንድ ውል አስሮ፣ ዋጋውን ለሦስት ወር ቆርጦ፣ ማለዳ የሚሰበስብ ሰው ለአምራቹ ከኦቭኑ ይበልጥበታል። ውሉ ላይ መግባት ያለበት አንቀጽ አንድ ነው፤ ከቅርጫና ከግቢ እርድ የመጣ ሳንባ አልቀበልም የሚል። ይህን አንቀጽ ሥጋ ቤቶቹ ይጠሉታል፤ በፋሲካ ማግሥት ርካሹ ሳንባ የሚመጣው ከዚያው ነውና። አምራቹ በዚያች ሳምንት ዋጋ ጨምሮም ቢሆን ከቄራው ብቻ መግዛት አለበት፤ ያኔ የጨመረውን ገንዘብ በሐምሌ፣ የውጭው ከረጢት ከመደርደሪያ ሲጠፋ፣ ደንበኛው ደረሰኙን አይቶ ይመልስለታል።